ከፈረሰው ቤት ጓሮ የወጣ ድንች

ባለፈው ቅዳሜ ሮቤ ገበያ አንድ ወጣት ነጋዴ ትልልቅ ድንች ከምሮ «እማማ፣ ይውሰዱ እንጂ፣ ድንች ድንች ነው» አለኝ። ወስጄ ቀቀልኩት። ኤዲያ! ውሃ ውሃ ይላል። ይህን ለኔ ነው የሚሸጠው? እኔ እኮ ለድንች ጣዕም ስል ከመንግሥት ጋር የተጣላሁ ሴት ነኝ።

ጊዜው ደርግ ገበሬውን ከየቤቱ አንስቶ በአንድ መንደር የሚሰበስብበት ዘመን ነበር። እኛ የምንኖረው ሲናና ገጠር ነው። አባቴ አሮጌው በረት ከነበረበት ላይ አንዲት ቁራሽ መሬት ሰጥቶኝ ድንች ተክዬባት ነበር። የስንት ዘመን ፍግ የጠጣ ጥቁር አፈር! ሌላው ሰው ቶሎ እንዲወፍርለት ውሃ ያጠጣል። እኔ ሥሩን አፈር አስታቅፈዋለሁ፣ አበባው ሲረግፍ ውሃ እከለክለዋለሁ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አጭጄ ድንቹን እዚያው መሬት ውስጥ አቆየዋለሁ። ያን ጊዜ ቆዳው ይጠነክራል፣ ሲቀቀል ይፈነዳል፣ ውስጡ ዱቄት ነው። በቅቤና በሚጥሚጣ ሲሆንማ... ወላሂ፣ አሁንም ምራቄን አመጣው።

ታዲያ ጥቅምት ላይ፣ ድንቼ ገና እንዳበበ፣ «ቤታችሁን አፍርሱና ወደ አዲሱ መንደር ግቡ» ተባለ። ሰው የጎጆውን ክዳን እንዳለ በትከሻው ተሸክሞ ሜዳውን ሲያቋርጥ አየሁ። አባቴም የቤታችንን ክዳን ማውረድ ጀመረ። እኔ ግን ትዕዛዙን ያመጣውን የደርግ ካድሬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«ድንቼስ?»

«ዛሬውኑ አውጥተሽ ብዪ። ከነገ ጀምሮ ወደዚህ መመለስ ክልክል ነው።»

«ገና ለጋ እኮ ነው! ጣቴን እንኳ አያክልም።»

«መመሪያ ነው።»

አላወጣሁም። እልህ ያዘኝ። ቤቱን ወሰዱ፣ ሜዳውን ወሰዱ፣ የድንቼን ጣዕምማ አልሰጣቸውም ብዬ ማልኩ።

አዲሱ መንደር ቤቱ ሁሉ በገመድ ተለክቶ የቆመ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ነፋስ የሚጫወትበት ሜዳ ነበር። ጥቂት ቀን ታገስኩና በጠራራ ፀሐይ ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተነሳሁ። አባቴ በር ላይ ደረሰብኝ።

«ኢንተሎ፣ ተይ! ያስሩሻል፣ ልጄ።»

«ሌባ ነኝ እንዴ አባ? የራሴን ነው የምኮተኩተው።»

ካድሬው መንገድ ላይ አገኘኝ። ወዴት እንደምሄድ ስነግረው ዶማዬን ነጠቀኝና «እስቲ አሁን ሂጂ!» አለኝ።

«እጄንም ትወስዳለህ?» ብዬው አለፍኩ።

ያን ቀን በጣቴ አፈር ሳስታቅፍ ዋልኩ። ጥፍሬ ደማ። አለቀስኩም፣ አልዋሽም፤ ግን ከንዴት ነው። ስመለስ ጎረቤታችን ፋጡማ እጄን አየችው። በማግስቱ ዶማ ይዛ ደጃችን ቆመች። ለካ የእሷም ሽንኩርት እዚያው ቀርቶባት ኖሯል። እሷን ያዩ ሌሎች ሴቶችም ተከተሉን፣ እየዋለ እያደረ መንገዱን ሞላነው። ካድሬው ማንን አስሮ ማንን ይተው? እያየ እንዳላየ ሆነ።

ታኅሣሥ ላይ ድንቼን አወጣሁ። አምጥተን አዲሱ መንደር መሀል በትልቅ ድስት ቀቀልነው። ሽታው ነፋሱን ተከትሎ በየቤቱ ገባ መሰለኝ፣ ሰዉ እየወጣ ከበበን። መንደሩ ከተሠራ ወዲህ ማንም ሳያስገድደን የተሰበሰብነው ያን ቀን ነበር። ካድሬውም መጣ። አንዷን አንስቶ፣ እፍ እፍ ብሎ ገመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«እንዲህ ያለ ድንች ከየት መጣ?»

«ካስለቀቅከን ቦታ» አልኩት።

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ካድሬው ማኘኩን አቆመ፣ ከዚያ ቀና ሳይል የቀረውን ቀስ ብሎ በላ። እኔን አላሰረኝም። ዶማዬን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም፣ ዓይን አውጣ!

ደርግ ወደቀ፣ ሰዉም ወደየድሮ ቦታው ተመለሰ፣ እኔም አግብቼ ሮቤ ገባሁ። ጓሮዬ ትንሽ ናት፣ እሷንም ድንች ተክዬባታለሁ። ልጆቼ ሰርቪስ ቤት እንሥራባትና ይከራይ ይሉኛል። ደጎች ናቸው፣ ለኔ አስበው ነው። ግን ከተከለው ነገር ላይ ተነስ ተብሎ ያላየ ሰው፣ ያ ቃል የት ድረስ እንደሚያም አያውቅም። ስለዚህ አልከራከራቸውም። «እሺ፣ ድንቹ ይድረስ ብቻ» እላቸዋለሁ። እሱ እስኪደርስ ደግሞ ከጎኑ ሌላ ተክያለሁ።