ከቃለ ጉባኤ የተቀደደው ገጽ

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በየቀበሌው ለውይይት በቀረበበት ክረምት ነው። የልጅ ልጆቼ ስለ መብት ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ደሜም ይፈላል።

የአስኳላ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። አናጢ ነኝ። ፊደል የለየሁት የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ግማሹ ተገልብጦ ስለተለጠፈ ዛሬም ጽሑፍ ገልብጬ አነባለሁ። ይህን የሚችል የተማረ ሰው እስካሁን አላየሁም። ያን ረቂቅ በአዲስ አበባ በሃያ ሁለት ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ቢኖር እኔ ነኝ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እንኳ አላነበበውም፤ የጥራዙ ገጾች እንደተጣበቁ ነበሩ።

በመጀመሪያው እሑድ ሊቀ መንበሩ ሽጉጡን ታጥቆ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ሳትፈሩ ተናገሩ! ሕጉ የእናንተው ነው!» አለን። ጉሊት ሽንኩርት የምትቸረችረው ጎረቤቴ እትዬ የሺ አመነችው። ብድግ ብላ፣ «ልጄን መርዕድን ከኳስ ሜዳ አፍሳችሁ ለውትድርና ከወሰዳችሁት አራተኛ ወሩ ነው። አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ ንገሩኝ» አለች።

አብዮት ጥበቃዎቹ ከአዳራሹ ይዘዋት ወጡ። ሕዝብ አሳስታለች ተብላ የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ተቆለፈባት። ጎረቤቶቿም ሊቀ መንበሩ ንግግሩን ሲጨርስ አጨበጨቡ። ከስብሰባ የቀረ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም ነበርና በስኳር የተገዛ እጅ ለማጨብጨብ አይሰንፍም።

በሁለተኛው እሑድ ስለ ንግግር ነፃነት የሚያወሳው አንቀጽ ላይ ደረስን። ሊቀ መንበሩ እየተደናቀፈ አነበበና፣ «አስተያየት ያለው?» አለ። ሁሉም ጫማውን ያያል። ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አሁን ያነበቡልን አንቀጽ ዜጋ መናገር ይችላል ይላል። እትዬ የሺ ተናገሪ ተብላ ተናገረች። በየትኛው አንቀጽ ታሰረች? ልጇ መርዕድስ የት ነው?»

«ጓድ አናጢ» አለኝ እየሳቀ፣ «አንተ በርህን ግጠም። ሕጉን ለተማረ ተው።»

አዳራሹ አብሮት ሳቀ።

«በርማ ገጥሜያለሁ» አልኩ። «እሷን የቆለፋችሁባትን የመጋዘን በር የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የየእሑዱ ቃለ ጉባኤ የቀበሌዎች የበላይ ወደሆነው ከፍተኛ፣ ከዚያም ወደ ላይ ይላክ ነበር። ጸሐፊዋ የታዘዘችውን ሁሉ የምትጽፍ ልጅ ናትና ሊቀ መንበሩ አፉን ሳይከፍት ጥያቄዬን ከነመርዕድ ስም አሰፈረችው። ሰውየው ወረቀቱን አየና ላብ አጠመቀው። ወዲያው እረፍት አወጀ።

ከአዳራሹ ጀርባ ክንዴን ያዘኝ። «በላቸው ወንድሜ» አለኝ። ወንድሙ የሆንኩት ያን ዕለት ነው። «ይሄ ከላይ ከደረሰ ስብሰባ መምራት አቃተው ብለው እኔን ነው የሚበሉኝ። ገጹን እንድንቀድደው ሕዝቡ ፊት ጥያቄዬን ትቼዋለሁ በል። ሴትዮዋን አሁኑኑ እለቃታለሁ።»

«መጀመሪያ ትውጣ» አልኩት።

ወጣች። ሳምንት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ከርማ ዓይኗን ብርሃኑ ወጋት። እኔም ገብቼ፣ «ጥያቄዬን ትቼዋለሁ» አልኩ። ጸሐፊዋ ገጹን ቀደደችና አዲስ ጻፈች። ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ ገልብጬ አነበብኩት፤ ተሰብሳቢው አንቀጹን በነፃነት ተወያይቶበት በሙሉ ድምፅ ደገፈው ይላል። ያ ሁሉ ሕዝብ አጨበጨበ።

እትዬ የሺን ወደ ቤቷ ስሸኛት ሊቀ መንበሩን እንዴት እንዳንበረከክሁት አንድ በአንድ ተረክሁላት። ሰምታኝ ስትጨርስ ቆመች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ በላቸው። የልጄንስ ጥያቄ? እሱንም አብረህ ተውከው?»

«እሱን ሌላ ጊዜ እንጠይቃለን» አልኳት።

«ሌላ ጊዜ ማን ይጽፍልናል?»

  መርዕድ አልተመለሰም፤ የት እንደወደቀም የነገራት የለም።

ዛሬ ጎረምሶች፣ «ሕግ ወረቀት ነው፤ መሣሪያ ባለበት አገር ምን ይሠራል?» ሲሉ እሰማለሁ። ምንም አያውቁም። ያ ሽጉጥ የታጠቀ ፈሪ የተንቀጠቀጠው ከአንዲት ልጅ እስክሪብቶ ነበር። የምንቀው ግን እሱን ብቻ አይደለም። ያ አንቀጽ ሲነበብ ከሰሙት መካከል አንድ ሰው እንኳ አብሮኝ ቢነሣ ገጹ አይቀደድም ነበር። ስኳራቸውን ላሱ።

እሷን በማስፈታቴ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን አስፈታታለሁ። ነገር ግን የመርዕድ ስም መንግሥት በሚያነበው ወረቀት ላይ የሰፈረው ለዚያች ለአንዲት ሰዓት ብቻ ነበር። ያስቀደድኩትም እኔው ነኝ።