ከአዛኑ በኋላ የተለካ ውሃ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ድርቁ በጠናበት ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ማለዳ ነው። አምስት ሠልጣኞችና አንድ አሠልጣኝ አንድ ላንድሮቨር ውስጥ ታጭቀናል። የምንሄደው የተፈጥሮ ጋዝ በቱቦ ሲፈስ ምን ያህል እንደሆነ በድምፅ መለካት ልንማር ነው። ኦጋዴን ተገኘ የተባለው ጋዝ ገና ከመሬት አልወጣም። መለኪያው ግን ቀድሞ ደርሷል፤ ስለዚህ በውሃ ተለማመዱ ተባልን። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። በአየር ተለማመዱ ቢሉኝም እሄድ ነበር።

ደብረ ብርሃን

ሳምንቱን ሙሉ አንድ ፋብሪካ ጓሮ፣ የውሃ ቱቦ ሥር ተኮልኩለን ከረምን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አልጋ ሁለት ብር ነው፤ ብርድ ልብሱ ግን ከወንፊት አይሻልም። ምሳ ሽሮ፣ ራትም ሽሮ።

አሠልጣኛችን ጓድ መኮንን ሩሲያ የተማረ፣ ቀጭን፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነው። መሣሪያው ሁለት ጆሮ የሚመስሉ ነገሮች አሉት፤ ከውጭ ቱቦው ላይ ይታሰራሉ። አንዱ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ድምፁ ከሚፈሰው ጋር ሲሄድ ይፈጥናል፣ ሲቃወመው ይዘገያል። የሁለቱ ልዩነት የፍሰቱን ፍጥነት ይነግራል።

«በአንድ ወገን ብቻ ሰምታችሁ እንዳትፈርዱ» ይለናል ጓድ መኮንን።

«አንድ ቱቦ ስንት ጊዜ ነው የሚለካው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የጋዝ መስመር ጠዋትም ማታም ያው ነው። ጆሮዎቹን በደንብ ካሰርሽ አንዴ ይበቃል።»

ደብተሬ ላይ «አንዴ ይበቃል» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት።

ቅዳሜ ዕለት ጓድ መኮንን ደብዳቤ ይዞ መጣ። ከአንኮበር በታች ለሰፈራ የሚጫኑ መንደሮች እየተመረጡ ነው። ውሃ ያለው መንደር ይቆያል፤ የሌለው ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ከአሊዩ አምባ በላይ በንጉሡ ጊዜ የተዘረጋ የብረት ቱቦ ያለው መንደር አለ። እሱን እናንተ ለኩት፣ መለማመጃም ይሆናችኋል ይላል ደብዳቤው።

«በሰው ቤት መለማመጃ» አለ በላይ፣ አብሮን የሚሠለጥነው የለሚ ልጅ፣ ሁሌ የሚያስቀን። ያን ዕለት ማንም አልሳቀም።

ወደ አንኮበር

ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተዘጋጅተን ቆምን። የይለፍ ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ሲመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በአሥራ ሁለት ሰዓት ብንነሳ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

መንገዱ ዳር የገብሱ ማሳ ባዶ ነው። በጎቹ አጥንታቸው ይቆጠራል። ጓዛቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው የተቀመጡ ሰዎች አለፍን፤ አይለምኑም፣ ቀና ብለውም አያዩም። ጎረቤላ ላይ ሻይ በዳቦ ቀመስን። ከዚያ መኪናውን ትተን መሣሪያውን በአራት ብር በተከራየናት በቅሎ ጭነን ቁልቁለቱን ጀመርን። ጉሙ ሲገለጥ ቆላው ከሥር ታየ፤ ቡና ዓይነት፣ የደረቀ።

አጋማሽ ላይ ነጠላቸውን ያደገደጉ አንድ ቄስ የሽንኩርት መደብ ሲቆፍሩ አገኘን። ከታች አዛን ተሰማ። ቄሱ መቆፈሩን ትተው አካፋቸውን ያዙና ወደ ጅረቱ ሄዱ። አንዱን የቦይ አፍ በድንጋይና በጭቃ ደፈኑ፣ ሌላውን ከፈቱ።

«እንደምን ዋሉ አባ?» አልኳቸው።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ግቡ።»

አየሁ፣ አለፍኩ። ዓይን እያለኝ።

መንደሩ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ሰዉ ሁሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የጠራው ስብሰባ ላይ ነው። ቱቦው አንድ ሸለቆ ወርዶ ወደ ማዶ ስለሚወጣ ምንጊዜም ውሃ እንደሞላው ነው፤ ለመለኪያችን የተመቸ። ጆሮዎቹን አሰርኩ። ቁጥሩ ትንሽ ሆነ። በላይ ፈትቶ እንደገና አሰራቸው፤ ያው ነው። ቅጹ ላይ «በቂ አይደለም» ብዬ ሞላሁና ፈረምኩ። ቅጹ የሰዓት ቦታ የለውም።

በማግስቱ

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወረድኩ። ቱቦውን ስደገፍ እጄ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጫፉ ላይ ውሃው እየዘለለ ይወጣል። ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ ቦዩን በመቆፈሪያ እያቀኑ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከላይ ነዋ። ከሰማይ እንኳ ጠብቀን ሰልችቶናል። ስምሽ ማነው?»

«ዘነበች።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ዘንድሮ የት ከርመሽ ነው ታዲያ?»

ሳቅኩ። «ትናንት ግን ውሃው ትንሽ ነበር» አልኳቸው።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ከስምንት በኋላ።»

«እሱማ የላይኞቹ፣ የነቄሱ፣ ተራ ነው። ከንጋት እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትሩ አዛን፣ የኛ፤ ከዙሁር እስከ ማግስቱ ንጋት የነሱ። እኔ ኑሩ የዚህ አገር የውሃ አባት ነኝ፤ አባቴም ነበሩ። ቄሱ አዛኑን ሲሰሙ ወደነሱ ይመልሱታል። ጠዋት ደግሞ የነሱ ደወል ሲደወል እኛ እንከፍታለን። ወላሂ፣ ተጣልተን አናውቅም።»

«ለምን ትናንት አልነገራችሁንም?»

«ማን ጠየቀን ልጄ?»

ሮጬ ጓድ መኮንንን ቀሰቀስኩት። ወረቀቱን ሊቀመንበሩ ጎህ ሲቀድ ወደ ጎረቤላ ይዞት ወጥቷል አለኝ። የሰማሁትን ነገርኩት። ጫማውን አሰረ። «አንዴ ይበቃል ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ። እንደገና ለካን፤ ከትናንቱ ሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። አዲሱን ወረቀት ይዘን ዳገቱን ወጣን።

ጎረቤላ

የሰፈራውን ዝርዝር የሚይዘው ካድሬ ሁለተኛውን ወረቀት አነበበው።

«ከሁለቱ የትኛው ነው ትክክሉ?»

«ሁለቱም» አልኩት።

«ጓዲት፣ አንድ ቱቦ ሁለት ልክ የለውም።»

«አለው። የትናንቱ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የዛሬው ጠዋት።»

«ቅጹ ላይ ሰዓት የሚል አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ምን ላይ ልጻፍልሽ? የመጀመሪያው በስልክ ተነግሯል።»

«ስህተቱ የእኔ ነው፣ ፊርማዬም አለበት። በእኔ ስህተት ሰው አይጫን።»

እስክሪብቶውን አነሳ። «ስምሽን ድገሚልኝ።» ደገምኩለት፤ ጻፈው። ያኔ ጓድ መኮንን ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ወረቀቱ ግን እጄ ላይ ቀረ።

ደብረ ብርሃን፣ እንደገና

ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት ላይ ሦስት የጭነት መኪና ነዳጅ ማደያው አጠገብ ቆሞ አየሁ። ሰው በሰው ላይ ተጭኗል። የቆላ ሰው የደጋ ብርድ አይችልም፤ ጥርሳቸው ይፋጫል። ሼህ ኑሩ፣ የውሃ አባቱ፣ አንዱ መኪና ጠርዝ ላይ ነበሩ፤ መቆፈሪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ጎማው ላይ ወጣሁ።

«ዘነበች» አሉ። «እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ሼህ ኑሩ፣ ያን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ተመልሰሽ እንደወጣሽም ነግረውኛል።» መቆፈሪያቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «አንድ ነገር ነው የሚከነክነኝ። አዛን የሚያሰማ ሰው እዚያ አልቀረም። ቄሱ እንግዲህ ሰዓቱን በምን ያውቁት ይሆን?»

ሾፌሩ ውረጂ አለኝ፤ ወረድኩ።

ቤት

አዲስ አበባ ስገባ እናቴ የምስክር ወረቀቴን ተቀብላ ግድግዳው ላይ የት እንደምትሰቅለው ስትፈልግ ቆየች።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን አስተማሩሽ?» አለችኝ።

«ሰዓት መጻፍ።»

«እሱንማ እዚሁ ታውቂው የለ?»

«አላውቀውም ነበር» አልኳት።

ሁለተኛው ወረቀት ደብተሬ ውስጥ አለ። «አንዴ ይበቃል» ያልኩትን ልሰርዘው ብዬ ተውኩት፤ ተጽፏልና ይቆይ። ከጎኑ ግን በቀይ እስክሪብቶ ጨመርኩበት፦ ሰኞ፣ ከዙሁር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት አልፎ።