ሳላነብ የሰጠሁት እኔ ነኝ

የመድኃኒት ባለሙያዋን የሥራ ባልደረቦቿ «እማሆይ» ይሏታል። ሰው ሁሉ ከአልጋው ሳይነሳ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» ሲል፣ እሷ «ገና ፊቴን አልታጠብኩም» ትላለች። ጠባዩ ግን አብሯት የተወለደ አይደለም። ክርስቶስን ልከተል ብላ ስትቆርጥ እምነቷ ከእሁድ ልብሷ ጋር ተሰቅሎ እንዳይውል ፈራችና ከትንሿ ውሸት ጀመረች። መሰላል መውጣት ሲሰለቻት «መድኃኒቱ አልቋል» ማለት የለመደ ምላሷን ለመግራት ሁለት ዓመት ፈጀባት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጠረጴዛውን ስታጸዳ ክው አለች። የሕፃናት የትኩሳት ሽሮፕ ከማዘዣው አጠገብ ቁጭ ብሏል። ከመደርደሪያው የጎደለው፣ ክዳኑ የሚመሳሰለው፣ እንቅልፍ የሚጥለው የአዋቂ የሳል ሽሮፕ ነው። ስምንት ወር ለሆነው የልጅ ልጃቸው ብለው የወሰዱት አሮጊት ከሄዱ አንድ ሰዓት አልፏል።

ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ለአጎቷ ነገረችው።

«ቀስ በይ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ማንኪያ ምን ያደርገዋል? ካራገብሽው ቤቱ ይታሸጋል። ጠርሙሱን ይዘው ከመጡ ያን ጊዜ እናያለን።»

ለአፍታ ሐሳቡ ጣፈጣት። ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ እግሬን አንቀሳቅሰው» አለች።

«ጋሼ፣ ቤት ቢታሸግ ይከፈታል። የልጁ ዓይን ከተከደነስ ማን ይከፍተዋል?»

«ከወጣሽ አትመለሺ!»

ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጣች። እየሮጠች ማዘዣውን ወደጻፈው ክሊኒክ ደወለች፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» አላት። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሰማያዊ በር አራት ነው። «ቀለሙ በነፃ ሲታደል ነበር እንዴ!» አለች እያለከለከች። ሦስተኛውን ስታንኳኳ አሮጊቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ከፈቱ።

«ቀስ በይ ልጄ፤ ሲነጫነጭ አድሮ ገና አሁን ተኛልን። እጅሽ ይባረክ!»

ምርቃቱ እንደ ጦር ወጋት።

«እማማ፣ የሰጠኋችሁ መድኃኒት የእሱ አይደለም! እናቱን ይጥሩልኝ!»

ሕፃኑ በእጇ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝልፍልፍ አለ። ትንፋሹ ይዘገያል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይመጣል። ከእናቱ ጋር ወደ ክሊኒኩ በሚበረው ታክሲ ውስጥ የእግሩን መዳፍ እያሸች «ንቃ፣ ንቃ» ትለዋለች።

«ማነው የተሳሳተው?» አለች እናትየው። «ሐኪሙ ነው?»

የሐኪሙ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ በእሱ ቢሳበብ ማንም ያምናል። ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው።

«ሐኪሙ አይደለም። ሳላነብ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

እናትየው ልጇን ከእሷ አርቃ አቀፈችው።

ክሊኒኩ ውስጥ ኦክስጅን አደረጉለት። እሷ ኮሪደሩ ላይ እህል ውሃ ሳትቀምስ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከውስጥ ለቅሶ ተሰማ፤ የሚቆጣ፣ ሙሉ ድምፅ ያለው ለቅሶ። እናትየው ወጥታ «ልጄ ተርፏል። አንቺን ግን ማየት አልፈልግም» አለቻት።

«እውነትሽን ነው» ብላ ተነሣች።

በማግስቱ ጥፋቷን ራሷ ጽፋ ለጤና ቢሮ አስገባች። ፈቃዷ ለሦስት ወር ታገደ። አጎቷ በመንገድ ሲያገኛት ፊቱን ያዞር ነበር። እገዳው ባለቀ ሳምንት ግን ደወለ። ይቅርታ ማለት የማይሆንለት ሰው ነውና «የልጆቹን መድኃኒት ወደ ሌላኛው ግድግዳ ወስጄዋለሁ» ብቻ አለ። ቀጥሎም «ሰኞ ትገቢያለሽ?» ሲል ጠየቃት።

ገባች። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አነሣች። ሁለት ጊዜ አነበበችው።