እትዬ ይርጋነሽ የዘጉት በር

አርባ ዓመት በመርፌ የኖሩ ሴት በስተመጨረሻ መርፌ ፈሩ። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እትዬ ይርጋነሽ ቢቸና ውስጥ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ናቸው። የካህናት ልብስ ይጠልፋሉ። ካባው ላይ፣ ቀሚሱ ላይ፣ የመጋረጃው ጠርዝ ላይ መስቀል ያወጣሉ። ሌሎች ጠላፊዎች በወረቀት ስለው፣ በጠመኔ አስምረው ነው የሚጀምሩት፤ እሳቸው ግን ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጥቂት ያዩትና ከመሀል ይነሳሉ። የመስቀሉን አንድ ክንድ ሲጨርሱ ሌላው የት እንደሚያርፍ ጣታቸው ያውቀዋል። ባላቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸውን ስርጉትን ያሳደጉትና ለመምህርነት ያበቁት በዚሁ ሥራ ነው። ስርጉት አሁን አማኑኤል ከተማ ታስተምራለች።

እኔ ከቤታቸው ጎን ባለች አንዲት ክፍል እኖራለሁ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የሰው ጉዳይ እጽፋለሁ እንጂ በሰው ጉዳይ አልገባም። ይህን እንደ ጨዋነት እቆጥረው ነበር።

ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት አልፏል። ከስርጉትና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጠዋትና ማታ ክኒን ይውጣሉ። ስርጉት የገዛችላቸው መለኪያም አለች፤ ጣታቸውን ወግተው ቁጥሩን ያያሉ። ባለፈው ጥቅምት ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ስኳሩ እየጨመረ ሄዷል፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ መርፌ ይጀምራሉ። እስከዚያ ክኒኑን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ፣ ክኒን ውጠውም ምግብ እንዳይዘሉ ነርሷ ደጋግማ ነግራቸዋለች። እትዬ ይርጋነሽ ይዘው የተመለሱት የፊተኛውን ምክር ብቻ ነበር።

"ወለተ ኢየሱስንም እንዲህ ብለው ነው ያስጀመሯት" አሉኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው።

ወለተ ኢየሱስ ታላቅ እህታቸው ነበሩ። መርፌ በጀመሩ በዓመቱ አንድ እግራቸው ተቆረጠ፤ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። እግር የሚያስቆርጠው በሽታው እንጂ መርፌው አይደለም ብሎ የነገራቸው ሰው ይኖር ይሆናል። እሳቸው ግን መርፌው ቀድሞ መጋዙ ተከትሎ ሲመጣ በዓይናቸው አይተዋል። ያን ቀን ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ነበር። ቀጠሮው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነበር።

ኅዳር እንደገባ የወርቅ ክር ለመግዛት ወደ ሞጣ ሲሄዱ ዕቃ እንድይዝላቸው አብሬያቸው ሄድኩ። ትውልዳቸው ሞጣ ነው። ክር የሚገዙት ሁልጊዜ ከእትዬ ዘኪያ ቤት ነው፤ የእትዬ ዘኪያ ቤተሰብ ከአያት ጀምሮ ጨርቅና ክር ነጋዴ ነው። የቅዳሴ ልብስ ክር ከሙስሊም ሱቅ ሲገዛ ሞጣ ላይ የሚደነቅ ሰው የለም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ አጥር ተዋስነው ያደጉ ናቸው።

እትዬ ዘኪያ በዚያ ዓመት ከሱቃቸው አጠገብ ጁስ ቤት ከፍተዋል። ግድግዳው ላይ "የሰባት ቀን ዲቶክስ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰባት ቀን እህል ትቶ ጁስ ብቻ እየጠጡ ሰውነትን ማጠብ ነው። በስልክ አይተው መጀመሪያ ራሳቸው ላይ እንደሞከሩት አጫወቱን። ሁለት ቀን ራሳቸውን ሊፈልጣቸው ደረሰ፤ በሦስተኛው ቀለላቸው፤ በሰባተኛው የጉልበታቸው ቁርጥማት ጠፋ። ሰውነታቸው እንደ ታጠበ ብርጭቆ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አጥበዋል።

"እናንተማ የዓመቱን ግማሽ ትጾማላችሁ፤ ሆዳችሁ ግን ከኛ ይቀድማል" አሉ እትዬ ዘኪያ እየሳቁ።

"እናንተስ ቀን የጾማችሁትን ሌሊት ትበቀሉት የለ" አሉ እትዬ ይርጋነሽ። ሳቁና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ወረቀቱን እያዩ ነበር። "ደም ያጥባል?"

"ደም ነው እንጂ የሚያጥበው ሌላ ምን አለ!"

እትዬ ይርጋነሽ ሊጀምሩ ወሰኑ። እትዬ ዘኪያም ብርቱካን የሚቆርጡበትን ቢላዋ አስቀምጠው ቀና አሉ። "መድኃኒት የምትወስጂው አለ? ለሁሉም የምጠይቀው ነው።"

"እኔ? ምን በወጣኝ።"

ወደ እኔ አላዩም። እኔም የያዝኩትን የክር ከረጢት አየሁ። ታላቅ ሴትን ባልንጀራቸው ፊት ውሸታም ማድረግ አልተቻለኝም። ደግሞስ እኔ ስለ ሐኪም ነገር ምን አውቃለሁ?

እትዬ ይርጋነሽ ጣፋጭ ነገር እንዳይገባበት አሉ። ፓፓያው፣ ካሮቱ፣ ማሩ ይውጣ፤ ቆስጣ፣ ኪያር፣ ዝንጅብልና ሎሚ ብቻ ይሁን። እትዬ ዘኪያ ለመክሳት መሰላቸው።

"ይኼማ የከብት መኖ ነው፣ ይርጌ።"

"ይሁን። ለሰባት ቀን ከከብቱ ጋር እሰማራለሁ።"

የሦስት ቀኑ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ በበረዶ ተጠቅልሎ አብሮን ተሳፈረ። የአራት ቀኑ ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ሊላክ ተስማሙ።

መንገድ ላይ ስለ ኮሶ አወሩኝ። በእናታቸው ቤት ኮሶ የሚጠጣ ዕለት በር ይዘጋል፤ በሩ ላይ ቅጠል ይንጠለጠላል። ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አያይም፤ ከውጭ የመጣ ሰው ጥላ ካረፈበት መድኃኒቱ ተመልሶ በሽታ ይሆናል። ያም ማጠቢያ ነው፣ ይኼም ማጠቢያ ነው አሉ። ስለዚህ ሰባቱን ቀን በር ሊዘጉ ነው። ኮሶ የአንድ ቀን ነገር እንደሆነ፣ የዚያን ጊዜ ሰውም ክኒን እንደማይውጥ ያሰብኩት በኋላ ነው።

እሑድ ማታ የወይራ ቅጠል በራቸው ላይ አሰሩ። ቅጠሉን ያየ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፍ ጀመር። ለስርጉት በስልክ ደህና ነኝ አሏት። የጀመሩት ካባ በመስኮቱ ይታየኛል፤ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ የአንዱ መስቀል ሦስት ክንድ አልቆ አራተኛው ቀርቷል።

በየጠዋቱ ከበሩ ራቅ ብዬ "እንዴት አደሩ?" እላለሁ። እሳቸው ከውስጥ ቁጥሩን ይነግሩኛል። ሰኞ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ነበር። ማክሰኞ ሁለት መቶ ሠላሳ። ረቡዕ መቶ ሰባ አንድ ሲሉ ድምፃቸው የሙሽራ ድምፅ ይመስል ነበር።

"ክኒኑንስ?" አልኳቸው።

"እሱንማ እንዴት እተወዋለሁ። አንድም ቀን እንዳታቋርጪ ብላኛለች።"

ደስ አለኝ። በየቀኑ እየወረደ የሚሄድ ቁጥር የት ሊቆም እንደሚችል አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ሚኒባሱ አልመጣም። መንገዱ ተዘግቷል ተባለ፤ ከቀትር በኋላ ስልኩም ጠፋ። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር አዲስ ስላልሆነ ሁሉም በየቤቱ ገብቶ መከፈቱን ይጠብቃል። ጠርሙሱ እንዳለቀ አውቃለሁ። በበሩ በኩል እንጀራ ላምጣልዎ ብላቸው፣ ሰባቱ ሳይሞላ ቢያፈርሱት የታጠበው ሁሉ ተመልሶ እንደሚቆሽሽ ነገሩኝ። ሎሚ በውሃ እየጠጡ ሊጨርሱት ነው። ቁጥሩ መቶ አሥራ ስምንት ገብቷል።

ዓርብ ሰማንያ አራት አሉኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ላቡ ቆሻሻው ሲወጣ ነው አሉ። ከዚያ ያለ ምክንያት ረጅም ሳቅ ሳቁ። እትዬ ይርጋነሽ እንደዚያ የሚስቁ ሴት አልነበሩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳልጠራቸው ድምፃቸው ተሰማኝ። ከአንድ ሰው ጋር ያወራሉ። ጸሎት መስሎኝ ቆሜ አዳመጥኩ።

"ወለተ ኢየሱስ፣ ጫማሽን አድርጊ። ብርድ ነው፤ ጫማሽን አድርጊ።"

ሰው ተርቦ ሲቃዥ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ የብረት ዕቃ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ። ተነስቼ እስከ በራቸው ሄድኩ። የወይራው ቅጠል ደርቆ ተኮማትሯል። ፀሐይዋ ከኋላዬ ስለነበረች ጥላዬ ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ወጣ። ያን ሳይ እጄን እንዳነሳሁ ቀረሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው የቀራቸው። እኔ ገብቼ ባበላሽባቸውና ሰኞ ለቀጠሯቸው ሲሄዱ መርፌ ቢታዘዝላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን በእኔ እንደመጣ ይቆጥሩታል ብዬ አሰብኩ። ተመልሼ ክፍሌ ገባሁ።

እሑድ ረፋዱ ላይ እትዬ ዘኪያ ዘንቢል ሙሉ ጠርሙስ ይዘው የግቢውን በር ገፍተው ገቡ። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ነበር የመጡት። ባልንጀራቸው እንዴት እንደሰነበቱ ጠየቁኝ። ከትናንት ጀምሮ ድምፅ እንደሌለ፣ ቅጠሉ ስላለ እንዳልገባሁ ነገርኳቸው። ቁጥሩ ግን ጥሩ ወርዶ እንደነበር ጨመርኩላቸው።

"የምን ቁጥር?"

"የስኳሩ።"

ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ይርጋነሽ ስኳር አለባት?"

"አዎ።"

"ክኒን ትውጣለች?"

"በጠዋትና በማታ። አላቋረጡም።"

አንድ ጊዜ አዩኝና ወደ በሩ ሄዱ። "እትዬ ዘኪያ፣ ጥላ…" ማለት ጀምሬ ነበር።

"ጥላው በእኔ ይሁን" አሉና በሩን በትከሻቸው ገፉት።

እትዬ ይርጋነሽ ከአልጋውና ከግድግዳው መካከል ወድቀዋል። ይተነፍሳሉ፤ ዓይናቸው ግማሽ ተገልጦ ምንም አያይም። አፋቸው ጥግ አረፋ ደርቋል። አንድ እግራቸው ላይ ጫማ አለ፤ ሌላው ባዶ ነው። ባጃጅ ጠርቼ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ቁጥሩን እንዳየች ስኳሩ ከልክ በታች ወርዷል ብላ ሮጣ ግሉኮስ አመጣች። የሸሹት መርፌ በሌላ በኩል ገብቶ ክንዳቸው ላይ ተሰካ።

"ድምፅ ያጡት ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ ካርዱን ይዛ።

"ከትናንት ከሰዓት።"

እስክሪብቶዋ ቆመ። "ትናንት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ በስኳር ቢጠጡ ኖሮ…" አለችና ሳትጨርሰው መጻፏን ቀጠለች።

ኮሪደሩ ላይ ከእትዬ ዘኪያ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። በኋላ ወደ እኔ ሳይዞሩ ተናገሩ።

"እኔ ጠየቅሁ። እሷ ዋሸች። አንተ ሰማህ።"

ማታ ቤቱን ለመዝጋት ስመለስ ከራስጌያቸው ሥር ቁጥሩን የሚጽፉበትን ወረቀት አገኘሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሃምሳ ሁለት ይላል፤ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ጽሕፈቱ ተንጋድዷል። ከጎኑ ትንሽ መስቀል አድርገውበታል። ያለቀ ሥራ ላይ የሚያደርጉት ምልክት ነው።

ወደ ደብረ ማርቆስ ተልከው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ይሄዳሉ፣ ይበላሉ፣ ሰው ይለያሉ። ስርጉትን ያውቋታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ስለ ልጅነቷ ያጫውቷታል። አዲስ ነገር ግን አይያዝላቸውም፤ የዛሬው ለነገ አያድርም። እትዬ ዘኪያ ወረቀቱን ከግድግዳቸው ቀድደዋል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከሞጣ ይመጣሉ፤ እኔን ሰላም ይሉኛል፣ ከዚያ በላይ አያወሩኝም። ካባው እስካሁን ጉልበታቸው ላይ ነው። አራተኛውን ክንድ ይጀምሩትና እንዴት እንደሚያልቅ ይጠፋቸዋል፤ ይፈቱታል፤ እንደገና ይጀምሩታል። ጨርቁ በዚያ በኩል ሳስቷል።

መርፌ ጀምረዋል። የምሰጣቸው እኔ ነኝ፤ ነርሷ አስተምራኛለች። አሁን ሳላንኳኳ ነው የምገባው። ቁርሳቸውን አቀርባለሁ፣ እለካቸዋለሁ፣ መድኃኒቱን እስባለሁ። መርፌውን እጄ ላይ ሲያዩ በየጠዋቱ ፊታቸው እንደዚያ እንደ ጥቅምቱ ቀን ይጠቁራል።

"ስጦታው፣ መርፌ ልታስጀምረኝ ነው?"

መጀመሪያ ሰሞን ከጀመሩ ቆይቷል እላቸው ነበር። ያን ጊዜ የበለጠ ይደነግጣሉ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ስንት ጊዜ እንደቀራቸው ይጠይቁኛል። አሁን "አዎ፣ እትዬ" ብቻ እላለሁ። ክንዳቸውን ይሰጡኛል። እስክጨርስ ድረስ በሌላኛው እጃቸው እግራቸውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ከጨረስኩም በኋላ አይለቁትም።