«ወንዱስ?» ይሉ የነበሩት አያቴ

በእኛ በላስታ፣ በልግ ሲቀር መጀመሪያ የምትሰደደው ሴት ልጅ ናት። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህን አንድም ቀን ዝም ብለው አላለፉትም። አባቴ እኔን ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ሊልከኝ ሲሰናዳ፣ «ወንዱስ?» አሉት።

«ወንዱማ መሬቱን ይጠብቃል፣ እናቴ።»

«ምኑ እንዳይሰረቅ? ድንጋዩ?»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሄድኩ። ትምህርት ቤት የገባሁት ከስደት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ዘንድሮም በልጉ ቀረ። የአያቴ ተዝካር በወጣ ማግስት አባቴ ታናሽ እህቴን ከደላላው ጋር እንድትሄድ አዘዛት። አያቴ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ባዶውን ነው። እህቴ ወደ እኔ ዞረች፤ የተማርኩት እኔ ነኝና እንድናገርላት ጠበቀች። እኔ ቃል ስመርጥ፣ መሬት ጠባቂው ታላቅ ወንድማችን ሻንጣዋን አንሥቶላት ወደ ደላላው ወጣ።