የዝዋይ ውሃ የበሳው ሳህን

ደገፋ ቱሉ መካኒሳ ውስጥ በሚገኝ አንድ የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ በዕቃ አጣቢነት ስምንት ዓመት ሠርቷል። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ቢሆንም ብርጭቆ ከእጁ አምልጦት አያውቅም፤ ሰውንም ሆነ ዕቃን ሳይመረምር አያምንም። «የተበላሸ ሳህን ጀርም እንዳይዛመት ሳይውል ሳያድር ይቀቀላል» የሚለውን ደንብ እንደ ጾም ይጠብቀዋል።

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ወይዘሪት ፅጌረዳ የተባለች ተመራማሪ ጥጆችን በተቅማጥ ለሚፈጅ ባክቴሪያ መላ ልታገኝ ተነሣች። ይህንኑ ባክቴሪያ የሚገድል፣ ከእርሱም እጅግ ያነሰ ቫይረስ በሐይቅ ውሃ ውስጥ እንደሚኖር ታምን ነበር። ስለዚህ ውሃ ከዝዋይ ታስቀዳለች፤ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ታጣራለች፤ የተጣራውንም ከባክቴሪያው ጋር ቀላቅላ የባክቴሪያ ምግብ በረጋበት የመስታወት ሳህን ላይ ታፈሳለች። በማግሥቱ ግን ሳህኑ ባክቴሪያው በቅሎበት እንደ ነጭ ሻሽ ድፍን ብሎ ይገኛል፤ ባክቴሪያው አልተነካም ማለት ነው። አራት ወር እንዲህ አለፈ። የላቦራቶሪው ኃላፊም «እስከ ዓርብ ውጤት ካልተገኘ ሥራው ይዘጋል» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ፅጌረዳ በግዴታው የውይይት ክበብ ስብሰባ ተይዛ ቀረች። ደገፋ ሳህኖቹን ባክቴሪያው ከሚያድግበት ሙቀት ሣጥን ሲያወጣ በስድስቱም ላይ ያለው ነጭ ሽፋን ብል እንደ በላው ጨርቅ ተበሳስቷል። ደነገጠ። ያጠባቸው እርሱ ነውና ጥፋቱ በእርሱ ሊላከክ ነው። ወይስ ሆን ብሎ ያበላሸ ሰው አለ?

ከቀትር በኋላ ፅጌረዳ እያለከለከች ደረሰች።

«ጋሽ ደገፋ፣ ሳህኖቼስ?»

«ተበሳስተው ስላገኘኋቸው ቀቀልኳቸው።»

ፅጌረዳ ወንበር ስባ ዘፍ አለች። «ተበሳስተው? እኔ አራት ወር ስፈልገው የኖርኩት እኮ ያንን ቀዳዳ ነው! ቫይረሱ ባክቴሪያውን የፈጀበት ቦታ ነው። ስድስቱንም ቀቀሉ?»

«አምስቱን። አንዱን ቆልፌበታለሁ።»

«ለምን?»

«ለማስረጃ ነዋ! አሻጥር ነው ብዬ። ነገ ስጠየቅ ባዶ እጄን ልቁም?»

ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። «እሰይ የኔ ተጠራጣሪ! ቶሎ ይስጡኝ!»

«መጀመሪያ ይፈርሙ።»

ፈረመች። ከአንዱ ቀዳዳ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ጭራ አውጥታ ከአዲስ ባክቴሪያ ጋር ቀላቀለችና በአዲስ ሳህኖች ላይ አፈሰሰችው፤ በአንዱ ላይ ግን ለማነጻጸሪያ ባክቴሪያውን ብቻ። ዓርብ ጠዋት ኃላፊው ሳህኖቹን አጎንብሰው አዩ። ከቀዳዳው የተጫረው የገባባቸው ተበሳስተዋል፤ ያልገባበት ግን ድፍን ነው።

«ቀጥዪ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቫይረሱን ለብቻው ለይቶ ጠባዩን ማጥናት መጣ፤ የትኛውን ባክቴሪያ ይገድላል፣ የትኛውን ይምራል፣ ምን ያህል ሙቀት ይችላል? እሳቱ የደገፋ ድርሻ ሆነ።

«ስድሳ ዲግሪ ችሏል፤ ሰባው ላይ ሞቷል» ሲል አንድ ቀን አስመዘገበ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰውንስ አይነካም?» አለ።

«አይነካም፣ ጋሼ።»

ደገፋ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያም ሄዶ እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ።