የሽንት ቤት ደቂቃ መዝጋቢ

መጀመሪያ የተሰማኝ ግራ ጎኔን፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ የሚወጋ ነገር ነበር። ካርቶን ሳነሳ ወለም ያለኝ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

በፈረንጆቹ 2010ዎቹ አጋማሽ ላይ፣ በስደት አገር ኬንት በምትባል ከተማ ባለ አንድ ትልቅ መጋዘን የፈረቃ ሊድ፣ ማለትም የሠራተኞቹ የቅርብ ኃላፊ፣ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ጥርስም ዓይንም ይሸፍናል፤ ወገብ መታሸት ሳይቀር። የኛ ሰው በሚበዛበት ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ስለሱ ሲወራ ስለ መንግሥተ ሰማያት የሚወራ ይመስላል። ችግሩ፣ ለመታከም መጀመሪያ ከሥራ መነሳት ያስፈልጋል። ሠራተኛው ከአሥር ደቂቃ በላይ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ያሳብቅበታል፤ ምክንያቱን ጠይቆ የሚመዘግበው ሊዱ ነው። ስለ አምባገነኖች የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ እያሳደድኩ ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ ሰዓት ይዤ የሽንት ቤት በር እጠብቅ ነበር።

ሽንት ቤት ባለመመላለስ አርአያ ልሁን ብዬ ውሃ መጠጣት ተውኩ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበርና ለሚጠይቀኝ አበሻ ሁሉ «ጾም ይዤ ነው» እላለሁ። በጾመኛ ስቀልድ የኖርኩት እኔ።

አብረውኝ ከሚሠሩት አንዷ እትዬ አስቴር ነበሩ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ስኳር ስላለባቸው ቶሎ ቶሎ ይወጣሉ። አንቱ እያልኩ ደቂቃቸውን ጻፍኩ።

«ግርማ፣ ስኳር እንዳለብኝ ታውቅ የለ?»

«ሲስተሙ ነው እትዬ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ማድረግ የምችለው ነበር። የሐኪም ደብዳቤ ያመጣ ሕመምተኛ ደቂቃው እንደማይቆጠርበት ሊድ ስሆን ተነግሮኛል። አልነገርኳቸውም። ደብዳቤ የሚበዛበት ሊድ በአለቆቹ ዘንድ አይወደድም።

ከዚያ ትኩሳት መጣ። ተንቀጠቀጥኩ። ፈረቃው ላይ ሳለሁ ወደቅኩ።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘችኝ ሐኪም ሲቲ ስካኑን አየች። «ጠጠር የሽንት ቧንቧህን ዘግቶታል። ኢንፌክሽኑ ደምህ ውስጥ ገብቷል። ሴፕሲስ ነው። አሁኑኑ ሽንቱን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ፣ ስቴንት፣ እናስገባለን።» ውሃ ለምን እንደማልጠጣ ጠየቀችኝ። «እጾማለሁ» አልኩ። በአክብሮት ጻፈችው። ሞት አፋፍ ላይ ሆኜም ዋሸሁ።

በአራተኛው ቀን እትዬ አስቴር ሾርባ ይዘው መጡ።

«ቀሲስም ሊጠይቁህ ይመጣሉ። እንደሱ ያለ ጾመኛ አላየሁም አልኳቸው።»

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«ተባረርኩ እኮ። የተጻፈብኝ ደቂቃ ገደቡን ሞላ። ሶ፣ ኢንሹራንሴ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ኢንሱሊኔን ቀድሜ ልውሰድ ብዬ ፋርማሲ ኮል አድርጌያለሁ። በል ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»

አልቻልኩም። የጾሙንም የደብዳቤውንም ነገርኳቸው።

ቦርሳቸውን አነሱ። «እኔ ስለት ተስዬልህ» አሉ፣ «አንተ ለኮምፒውተር ነው የጾምከው?»

ሾርባውን ትተውልኝ ወጡ።

ስቴንቱ እስኪወጣ ቤት በተቀመጥኩባቸው ሳምንታት መሥሪያ ቤቱ አበባ ላከልኝ፤ ኢንሹራንሱም ሕክምናዬን ከሞላ ጎደል ሸፈነልኝ። ለሐኪሟ እውነቱን ተናገርኩ። የእትዬ አስቴርን ሕመም እያወቅኩ መብታቸውን እንደደበቅኩባቸው ለአስተዳደሩ ጻፍኩ፤ ስለ ቅንነቴ አመስግነውኝ ጉዳዩ እንደተዘጋ ነገሩኝ። ሥራዬን የለቀቅኩት ግን ስቴንቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ኢንሹራንሱ እንዳይቀርብኝ። እትዬ አስቴር ታኮማ ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ እስኪያገኙ ድረስ ኢንሱሊናቸውን እየቆጠቡ ይወጉ እንደነበር የሰማሁት ከልጃቸው ነው።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። እትዬ አስቴርን ለማመስገን ፊት የለኝም፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ። ጎናችሁን ከወጋችሁና ትኩሳት ከጨመረባችሁ ፈረቃው እስኪያልቅ አትጠብቁ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ እውነተኛውን ምክንያት ተናገሩ፤ የሚያሳፍረውን ጭምር። የቆየ ሕመም ካለባችሁ ደብዳቤውን ዛሬውኑ አጽፉ። አለቃዬ ያገሬ ልጅ ነው፣ እሱ ይነግረኛል ብላችሁ ግን እንዳትቀመጡ። እትዬ አስቴርም እንደዚያ ብለው ነበር የተቀመጡት።